ካናሪዎቹን ይዤ ቆሰበር የገባሁ ጊዜ

ከአገሬ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ፣ በመናኸሪያው ጭጋግ ውስጥ ነው። እናንተ እንጅባራ የምትሏትን፣ እኛ ግን ከወላጆቻችን ሰምተን እስካሁን ቆሰበር የምንላትን ከተማ የሚያውቅ ሰው ጭጋጓንም ያውቀዋል፤ አጠገብህ የቆመውን ሰው የምትለየው በሳሉ ነው። አባዬ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ከቀርከሃ በገዛ እጃቸው የሠሩልኝን ሻንጣ ተሸክመው መጡ። አዎ፣ የቀርከሃ ሻንጣ! አባዬ ቀርከሃ ሠሪ ናቸው። ወንበሩም፣ አልጋውም፣ አጥሩም ከእጃቸው ይወጣል፤ ልጃቸው ባሕር ማዶ ስትሄድ ደግሞ ክዳንና መቀርቀሪያ ያለው ሻንጣ ሠሩላት። ደላላው ሲያየው ሳቀ።

«አባት፣ ልጅቱ እኮ በአውሮፕላን ነው የምትሄደው፤ ዶሮ ይዛ ጫግኒ ገበያ አትወርድም» አላቸው።

«ታዲያ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ልብስ አይዝም?» አሉት አባዬ።

አዲስ አበባ ስንደርስ ደላላው ሻንጣውን አክስቴ ቤት አስጣለኝ፤ በጨርቅ ቦርሳ ተሳፈርኩ። ይህንን ለአባዬ አልነገርኳቸውም። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቼ፣ እንደኔም በሰው አገር በሰው ቤት የምታድሩ እህቶቼ፣ ስለ ስደቴ ብዙ የሚወራ ነገር አለኝ፤ ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ሁለት ወፎች ነው። የሚቆጨኝም የእነሱ ነገር ነው።

የቤሩት ሙቀት እንደ ጫግኒ ነው ብለውኝ ነበር። ውሸት ነው። የጫግኒ ሙቀት ማታ ማታ ይለቅሻል፤ የቤሩት ግን ከባሕሩ እርጥበት ጋር ተጋብቶ አንሶላሽ ውስጥ አብሮሽ ይተኛል። ምግባቸውም እሳት አይወድም። ቅጠሉን ከትፈው፣ ሎሚ ጨምቀውበት ታቡሌ ብለው ይበሉታል፤ መጀመሪያ ጊዜ ሳየው ለፍየል የተቀመጠ መስሎኝ ፍየሏን ስፈልግ ነበር። ድንቻቸውንማ ተዉት! የእኛን አገር ድንች ቀቅሎ የበላ ሰው እዚያ ድንች ሲቀርብለት ይከፋዋል። ሰላምታቸው ብቻ የእኛን ይመስላል፤ ጤናሽን፣ የቤተሰብሽን ጤና፣ እንደገና ጤናሽን ይጠይቁሽና መልሱን ሳይሰሙ ወለሉን ጥረጊ ይሉሻል።

የገባሁበት ቤት የአንዲት አሮጊት ቤት ነው። የልጅ ልጆቻቸው ቴታ ይሏቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው፤ እኔም ቴታ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ትብለጥ የሚለውን ስሜን መጥራት ሲያቅታቸው ታቢ አሉኝ። ቤቱን የምታዘው ግን ልጃቸው ማዳም ናት። ማዳም የመጀመሪያውን ቀን በረንዳ ላይ አውጥታ፣ በሽቦ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ቢጫ ወፎች አሳየችኝና «ሥራሽ ከእነዚህ ይጀምራል» አለችኝ። ካናሪ ይባላሉ። ከድንቢጥ እምብዛም አይበልጡም፤ ወንዱ ሲዘፍን ግን ያን ሁሉ ድምፅ የት እንደሚያኖረው እግዜር ይወቅ። ጫካ አያውቁም፤ እናት አባታቸውም፣ አያት ቅድመ አያታቸውም ሽቦ ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው።

በልቤ ተበሳጨሁ። እኛ አገር ወፍ የሚጠበቀው እህል እንዳይበላ ነው፤ ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ሳስጮህ ነው ያደግኩት። እዚህ ግን ወፍ እህል እንዲበላ ይለመናል! ጠዋት ጠዋት ውሃቸውን እየቀየርኩ «እናንተ እድለኞች፣ ጤፍ ማሳ ላይ ብታገኙኝ ኖሮ» እላቸው ነበር። ሰው ግን የሚያጥበውንና የሚያበላውን ነገር መውደዱ አይቀርም፤ ቀስ በቀስ ለመድኳቸው።

እሁድ እሁድ ኔትወርክ ሲፈቅድ ለአባዬ እደውላለሁ። እናቴ እኔ በሌለሁበት ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ እሁድ በረንዳው ላይ ሆኜ ስናወራ ወንዱ ካናሪ ጀመረ።

«ይኼ የምሰማው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ወፍ ነው፣ አባዬ።»

«ወፍ መሆኑማ ገባኝ። እስኪ አንች ዝም በይና አሰሚኝ።»

ስልኩን ወደ ሽቦው ዘረጋሁ። ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር ጤናዬን ጠይቀው ሳይጨርሱ «እስኪ ያን ልጅ አቅርቢልኝ» ማለት ሆነ። እኔማ ቅናት ቢጤ ይሰማኝ ነበር። ስንቱን ችግሬን ላወራ የደወልኩበትን ስልክ ወፍ ዘፍኖበት ይዘጋል።

ቴታ ደግሞ ጆሯቸው እየከዳቸው መጣ። አንድ ቀን ወንዱ ጉሮሮው እስኪነፋ እየዘፈነ፣ እሳቸው አፉን ብቻ እያዩ «ታቢ፣ እየዘፈነ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እረፍት ስትወጪ ለአባትሽ ውሰጅለት። እሱ ይሰማዋል» አሉኝ። ማዳም ስትሰማ ሳቋ ሊገላት ደረሰ። «ወፍ በአውሮፕላን? ክንፍ አላቸው አይደል፣ ለምን ራሳቸው አይሄዱም!» አለች። የበረንዳው ቆሻሻ ስለሚቀርላት ግን አልከለከለችም።

ወፍ ይዞ መሳፈር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የእንስሳት ሐኪሙ ክንፋቸውን ገልጦ፣ ዓይናቸውን አይቶ፣ ጤነኞች ናቸው የሚል ወረቀት ሊጽፍ ሲል «ስማቸው?» አለኝ። ስም አልነበራቸውም። እዚያው ወንዱን ጋሻዬ፣ ሴቷን ብርቄ አልኳቸው፤ ሐኪሙም በአረብኛ ፊደል እንደምንም ጻፈው። የእነሱ ጉዳይ በአንድ ጠዋት አለቀ። የእኔ መውጫና መመለሻ ፈቃድ ግን መከራዬን አበላኝ። ማኅተሙን የያዘው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ለምን ትሄጃለሽ?»

«አባቴን ላይ።»

«ትመለሻለሽ?»

«ወረቀቱ ተመለሽ ካለ እመለሳለሁ።»

«ወፎቹስ ይመለሳሉ?»

«እነሱ የሚሄዱት ለመቅረት ነው» አልኩት።

ያኔ ቀና ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እኛ አገር የሚያምር ነገር ተከፍቶ በሰው መሐል እንደማያልፍ ታውቃላችሁ። ሕፃን ይሸፈናል፣ ወተት ይሸፈናል፣ ወደ ሰርግ ቤት የሚሄድ ሞሰብ ይሸፈናል። ዓይን አለ! እኔም አውሮፕላን ማረፊያው ያን ሁሉ ሕዝብ አጭቆ ሳየው፣ ትንሿን የጉዞ ሽቦ ቤት በነጠላዬ አንዴ፣ ሁለቴ ጠቅልዬ ከሆዴ ጋር አቀፍኳት። ፍተሻው ጋ ስደርስ መለዮ የለበሰው ሰውዬ ዓይኑ ነጠላው ላይ አረፈ።

«ምን ደብቀሽ ነው?»

«አልደበቅኩም፤ ሸፍኜ ነው።»

«ለምን ሸፈንሽ?»

«ከዓይን ነው።»

«ከማን ዓይን?»

«ከሰው ዓይን።»

«የእኔ ሥራ ማየት ነው» አለኝና ከሰልፍ አውጥቶ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባኝ።

ወረቀታቸውን ባሳየው የደበቀ ሰው ወረቀት አይታመንም አለ። ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ የእኔ አውሮፕላን በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ግን እሰማለሁ። በኋላ አንዲት ሴት ፈታሽ መጣች፤ አንገቷ ላይ ሰማያዊ ጨሌ አንጠልጥላለች፤ ለዓይን መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ነጠላውን ገልጣ አየቻቸውና «ልክ ናት፣ እኔም ብሆን እሸፍናቸው ነበር» አለችው ለሰውዬው። ደንቡ ግን ደንብ ነው፤ ሽቦ ቤቱ በማሽኑ ያልፋል፣ ወፎቹን እኔ በእጄ ይዤ በበሩ አልፋለሁ። አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ መዳፌ ያዝኳቸው።

«እጅሽን ክፈች» አለኝ ሰውዬው።

«ከከፈትኩ ይበራሉ።»

«እጁን ጨብጦ የሚያልፍ ሰው የለም።»

«እንግዲያው አንተ ያዝልኝና እኔ እጄን ልክፈት» አልኩት በንዴት። ወደ ኋላ ሸሸ፤ ወፍ ይፈራል መሰለኝ። ሴትየዋ እየሳቀች መጥታ የተጨበጡ እጆቼን በሁለት እጇ አቅፋ፣ በጣቶቼ መሐል አጮልቃ «ወፍ ናቸው» አለችው። አለፍኩ። ልባቸው መዳፌ ላይ ሲደልቅ የነበረው አሁን ስጽፍም ይሰማኛል፤ የማንኛችን ልብ ይበልጥ ይደልቅ እንደነበር ግን መማል አልችልም።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊቴ ካለው ወንበር ሥር አደረግኳቸው። ውሃው ይደፋል ብሎ ሐኪሙ የመከረኝን ሰምቼ የፖም ቁራጭ ሰጥቻቸዋለሁ። ስንነሳ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተለጥፈው ዝም አሉ። በየደቂቃው ጎንበስ እያልኩ ነጠላውን እገልጣለሁ። ጎኔ የተቀመጠችው የወሎ ልጅ፣ እሷም ከሰው ቤት ወደ አገሯ የምትመለስ፣ አንገቷን አስግጋ «ምነው፣ ሞቱ እንዴ?» አለችኝ። «አታሟርች!» ብዬ ጮህኩባት። ትንሽ ቆይታ ግን የራሷን ፖም አምጥታ ሰጠችኝ፤ ሌሎቹ ሴቶችም ወሬውን ሰምተው ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄዱ እየመሰሉ መጥተው ማየት ጀመሩ። ሸሽቼው የመጣሁት ዓይን ሁሉ እላያቸው ላይ አረፈ። ደግነቱ አልጎዳቸውም፤ አገሩን የናፈቀ ሰው ዓይን መርዝ የለውም መሰለኝ።

አዲስ አበባ ጉምሩክ ላይ ደግሞ የራሴው ወገን ጠበቀኝ።

«ለሽያጭ ናቸው?»

«ለአባቴ ናቸው።»

«አባትሽ ምን ይሠራሉ?»

«ቀርከሃ ይሠራሉ።»

«ታዲያ ወፍ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ይሰሙታል።»

ጓደኛውን ጠራው። «ና እስኪ፣ እንጅባራ ወፍ ጠፍቶ ከቤሩት እያስመጡ ነው!» አለው፤ ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። እውነታቸውን ነው። በወፍ የተሞሉትን ሐይቆቻችንን፣ ዘንገናን፣ ጥርባን የሚያውቅ ሰው እኔን ቢሰማ ምን ይላል? ወንዝ ዳር ላለ ሰው ውሃ መሸከም ነው። ማኅተሙን ግን መቱልኝ። በሌላ አውሮፕላን ባሕር ዳር፣ ከዚያ በሚኒባስ ጉዞ ጀመርኩ። ዳንግላን እንዳለፍን ጋሻዬ ከነጠላው ሥር ድንገት ዘፈኑን ለቀቀው። ከኋላዬ ያሉ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ነክተው «ስልክሽ ይጠራል እኮ፣ አንሽው እንጂ» አሉኝ። ሳቄ ከእንባዬ ጋር መጣ።

አባዬ እኔን አቅፈው ስመው ሳይጨርሱ ወደ ሽቦው ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ያሉት «ያ ልጅ አንተ ነህ?» ነው። ቀጥለው ሽቦውን በጣታቸው ነክተው «ይኼማ ወህኒ ቤት ነው» አሉና ቀርከሃ ፍለጋ ወጡ። በሳምንቱ ወፎቹ እንደኛ ቤት ያለ ቤት ነበራቸው፤ ክዳን ያለው፣ መደብ ያለው፣ በሩ በትንሽ የእንጨት ችካል የሚዘጋ። ብርድ እንዳይመታቸው ከምድጃው አጠገብ ሰቀሉት። የሚያወሯቸው በአዊኛ ነው፤ እኛን ልጆቻቸውን በአማርኛ ነው ያሳደጉን፣ አዊኛው የእሳቸውና የእናቴ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ያን ቋንቋ ቤት ውስጥ ሲናገሩት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«አባዬ፣ እነዚህ ቤት ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ውጭ መኖር አይችሉም» ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።

«ወፍ?»

«አዎ።»

«የተወለደበትን ተይና ክንፉን እይ» አሉኝ። አልተቀበሉኝም። እኔም ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም፤ ለምን እከራከራለሁ? ማን ሊለቃቸው?

የእረፍቴ ወር እንዲህ አለቀ። ጎረቤቱ ሁሉ ወፎቹን ለማየት መጣ፤ በመንደሩ «ወፎቹን ያመጣችው ልጅ» ተባልኩ። ከአባዬ ጋር ስለ እናቴ ማውራት ነበረብኝ። ስትታመም ስላልነበርኩ ጊዜ፣ ስለ መጨረሻ ቃሏ፣ እሳቸው ብቻቸውን ማታ ማታ ስለሚያስቡት ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። እኛ ግን ስለ ካናሪ ጥሬ አወራን። አፋችንን በከፈትን ቁጥር ጋሻዬ ይዘፍናል፣ አባዬ እጃቸውን አንስተው ያስቆሙኛል፣ ወሬው ይቀራል። በእኔ ቦታ የሚተካ ነገር አመጣሁ ብዬ ነበር፤ እኔ እያለሁ ቦታዬን ያዙት። ይኼ እንደ እሾህ ይወጋኛል።

ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆይ ቤሩት ላይ ጦርነቱ መጣ። ማዳም ቴታን ይዛ ወደ ቆጵሮስ በረረች። «ለአንቺ ቪዛ የለም፤ ቤቱን ጠብቂ» አለችኝ። ቴታ ሊፍቱ በር ላይ እጄን ይዘው አልለቅ አሉ፤ ማዳም ናት ጣታቸውን ከጣቴ ያላቀቀችው። ከዚያ ሰማዩ ይጮህ ጀመር። መብራት ጠፋ፣ ስልኬ ሞተ፣ መስኮቱ ረገፈ። የአገሬ ልጆች ተራራው ላይ አንድ ባዶ ቤት ተጠልለዋል ሲሉኝ ነጠላዬን ይዤ በእግሬ ወጣሁ። መጀመሪያ ስልክ የሚሞላበት ቦታ ያገኘሁ ቀን የደወልኩት ለአባዬ ነው።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። ትብለጥ ነኝ።»

ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። «እስኪ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከኋላቸው ጋሻዬ ይዘፍናል።

«ቆይ፣ ስልኩን እንዳትዘጊው። አሁኑኑ ስለቴን ልፈጽም» አሉ።

«የምን ስለት?»

«እሳቱን በቴሌቪዥን አየሁት። ስልክሽ እምቢ አለኝ። ለጊዮርጊስ ምን ልስጠው ብዬ ቤቱን ዞሬ አየሁ። ወንበር ምን ያደርግለታል? የምወደው እነዚህን ሁለቱን ነው። የልጄን ድምፅ ካሰማኸኝ እለቃቸዋለሁ ብዬ ተሳልኩ።»

የቆሰበር ብርድ፣ ጭልፊቱ፣ ጥሬ ከሰው እጅ እንጂ ከሜዳ ለቅመው የማያውቁት ሁለቱ ታዩኝ።

«ሌላ ነገር መለወጥ አይቻልም? ጧፍ፣ ጥላ እገዛለሁ፣ አባዬ፣ እኔ እልካለሁ።»

«ከጊዮርጊስ ጋር ልከራከር? አንችን ሰጥቶኝ?»

ስለት የማያውቅ ሰው አትልቀቋቸው ማለት ቀላል ይመስለዋል። አባዬ የተሳሉት በእኔ ሕይወት ነው። ስለቱ ከተበላ በማን ላይ እንደሚመጣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤሩት ላይ ቦምብ በወደቀ ቁጥር በራሳቸው ይፈርዳሉ። እንዴት አድርጌ ላስቆማቸው? «ዝናብ አለ?» ብቻ አልኩ።

«አባርቷል።»

የቀርከሃውን ቤት ይዘው ደጅ ሲወጡ፣ ቀጥሎም ችካሉ ሲነቀል ሰማሁ። ዘፈኑ ተቋረጠ።

«ብርቄ ወጣች» አሉኝ። «አጥሩ ላይ ናት። ጋሻዬ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።»

«አይወጣም?»

«እያሰበ ነው መሰለኝ።» ብዙ ቆዩ። «ወጣ» አሉ።

«አባዬ፣ የቤታቸውን በር አይዝጉት። ማታ ይበርዳቸዋል።»

«እሽ፣ አልዘጋውም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ልጄ፣ የለቀቁት ነገር ተመልሶ ከመጣ፣ ስለቱ ተፈጽሟል ይባላል?»

«አላውቅም፣ አባዬ» አልኳቸው። «ክፍት ይተዉት ብቻ።»